በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ስላሉ የግል ጉድጓዶችና ስለ ውኃቸው ምርመራ፤ አጭር ታሪካዊ ጥናት

መግቢያ

ምድርን ቆፍሮ ውኃ ማውጣት ከጥንት የነበረ ሥራ ነው። የወጣውን ውኃ በኬሚስትሪ መርምሮ መጠጣት ግን ዕድሜው ከአንድ መቶ ሰባ ዓመት እምብዛም የማያልፍ ዐዲስ ልማድ ነው። ቆፋሪው ሁልጊዜ ቀድሞ ይሄዳል፤ መርማሪው ዘግይቶ ይከተላል። በሁለቱ መካከል ያለው የጊዜ ርቀት በልዩ ልዩ አገር ብዙ ሰው ጤናውን፣ አንዳንዱም ሕይወቱን እንዲያጣ አድርጓል።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው ይኸው ርቀት በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ እንዴት እንደ ተፈጠረ፣ ሌሎች አገሮችም በምን ዋጋ እንዳጠበቡት ነው። ዓመተ ምሕረት ብለን የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን፣ የውጭ አገሩን ታሪክ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጠነዋል።

ወደዚህ ጥናት የመራን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ከሦስቱ ከተሞች በአንደኛው ስንዘዋወር ከአንድ ግቢ ገባን። በግቢው ውስጥ የሲሚንቶ ቀለበት የተደረገለት ጉድጓድ አለ፤ ከጉድጓዱ ዐሥራ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ደግሞ መጸዳጃ ቤት ቆሟል። የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። «ልጆቼ፣ ፀሐዩ መትቷችኋል» ብለው ከጉድጓዱ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውኃ በብርጭቆ አቀረቡልን። ውኃው እንደ መስተዋት የጠራ ነበር። እኛ ግን ስለ ናይትሬት አንብበን ስለ ነበር እርስ በርሳችን ተያየን። ሴትዮዋም ይህን አይተው፣ «ይህን ውኃ ሃያ ዓመት ጠጥተነዋል፤ ምን ሆንን?» አሉን። አፍረን ጠጣነው። መልስ ግን አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

የሦስቱ ከተሞች አቀማመጥ

የእንጦጦ ተራራ ውኃን ለሁለት የሚከፍል ጣሪያ ነው። በሰሜን በኩል የሚወርደው ዝናብ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይፈስና በሙገር ወንዝ አድርጎ ዐባይን ይቀላቀላል። በደቡብ በኩል የሚወርደው በአቃቂ ወንዞች አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በአምቦ መንገድ የምትገኘው ቡራዩ ከትንሹ አቃቂ መነሻ አጠገብ ናት። በጅማ መንገድ የምትገኘው ሰበታ በወጨጫና በፉሪ ተራሮች ግርጌ ተቀምጣ ውኃዋን ለአዋሽ ትሰጣለች። በጎጃም መንገድ ያለችው ሱሉልታ ደግሞ በሣርዋና በወተት ላሞችዋ የታወቀች ናት። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልለዋል።

የአገሩ ድንጋይ ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ ነው። እንዲህ ያለው ድንጋይ ውኃ የሚይዘው በአብዛኛው በስንጥቁና በተሰባበረው ክፍሉ ነው። በደቃቅ አሸዋ ውስጥ የሚያልፍ ውኃ ቀስ እያለ ይጣራል፤ በሰፊ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የሚያልፍ ግን ከላይ ያገኘውን ይዞ ሳይጣራ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ያለው ጉድጓድ ንጹሕ ሆኖ የጎረቤቱ ጉድጓድ የተበከለ ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም። ከዚህም የተነሣ የአንዱን ውኃ መርምሮ ስለ ሁሉ መፍረድ አይቻልም፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ለራሱ መመርመር አለበት።

የተመረመረው ውኃ ወዴት ሄደ?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሕዝቡ ይጠጣ የነበረው ከምንጭ፣ ከወንዝና ከጉድጓድ እየቀዳ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1890ዎቹ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውኃ በቧንቧ አወረደ። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ የተራራው ምንጭ አልበቃ ስላለ በ1936 ዓ.ም. ገደማ በቡራዩ አጠገብ የገፈርሳ ግድብ ተሠራ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የለገዳዲ ግድብ ተከተለ፤ በኋላም በአቃቂ በኩል ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውላለን። የገፈርሳ ውኃ በማጣሪያ አልፎና ተመርምሮ ወደ ዋና ከተማው ይሄዳል። በሰበታም በ1950ዎቹ ዓ.ም. የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ተቋቁሞ ቢራ መጥመቅ ጀመረ። ማንኛውም የቢራ ፋብሪካ ደግሞ የውኃውን ጨውና ማዕድን ሳይለካ ቢራ አይጠምቅም፤ ውኃው ከተለወጠ የቢራው ጣዕም ይለወጣልና። በሱሉልታም በቅርብ ዘመን የታሸገ ውኃ ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ እነርሱም ውኃውን የሚሸጡት መርምረው ነው። እንግዲህ በሦስቱም ከተሞች ውኃ መመርመር ያልታወቀ ጥበብ አልነበረም። ዳሩ ግን የተመረመረው ውኃ በቧንቧ፣ በጠርሙስና በፕላስቲክ ተሞልቶ ከከተማው ሲወጣ፣ በአጥሩ ማዶ በግል ጉድጓድ የሚቀዳው ውኃ ሳይመረመር ቀረ። የችግሩ መነሻ የዕውቀት ማጣት አይደለም ብለን የምንደፍረው ከዚህ የተነሣ ነው።

የግል ጉድጓድ እንዴት በዛ?

በእነዚህ ከተሞች ቤት ከቧንቧ ቀድሞ ይሠራል። ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የሸሸ ሠራተኛ፣ ከገጠር የመጣ ወጣት፣ ፋብሪካ የተከለ ነጋዴ ሁሉ መሬት እንዳገኘ የሚፈልገው ውኃ ነው። የመንግሥት ቧንቧ ካልደረሰ ወይም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከመጣ፣ ያለው ምርጫ ከቦቴ መግዛት ወይም መቆፈር ነው። አቅም ያነሰው በዶማና በገመድ ያስቆፍራል፤ ገንዘብ ያለው የመቆፈሪያ መኪና አምጥቶ ብዙ ሜትር ያወርዳል፣ ፓምፕ ያስገባል፣ ውኃውንም በሮቶ ያጠራቅማል። አንዳንዱም ለጎረቤቱ በጀሪካን ይሸጣል።

ሕጉም ይህን ታሪክ ይመሰክራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 197 በውኃ ለመጠቀምና የውኃ ሥራ ለመሥራት ፈቃድ እንዲያስፈልግ ሲደነግግ፣ በእጅ ጉድጓድ መቆፈርንና ከዚያ መጠቀምን ከፈቃድ ነጻ አደረገ። የሕጉ ዐሳብ ርኅራኄ ያለው ነው፤ ድኻው ገበሬ ለአንድ ባልዲ ውኃ ቢሮ ለቢሮ እንዳይንከራተት የታሰበለት ነው። ነገር ግን ፈቃድ የሌለው ነገር መዝገብ የለውም፤ መዝገብ የሌለውንም ነገር የሚመረምር አይገኝም። ለገጠር የተሰጠው ነጻነት ሜዳው ከተማ ሲሆን በመጸዳጃ ጉድጓድና በፋብሪካ መካከል ተገኘ።

ሌላም ምክንያት አለ። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፓስተር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም (ሰፈሩ እስከ ዛሬ በዚህ ስም ይጠራል) የአገሪቱ ዋና ጠላት ተላላፊ በሽታ ነበር። ስለዚህ ስለ ውኃ የተማርነው ሁሉ ስለ ጀርም ነው፤ «ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው ምክር ከሕፃንነታችን ጀምሮ በጆሯችን አለ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ብዙ ነፍስም አድኗል። ነገር ግን ማፍላት ናይትሬትን፣ ፍሎራይድንና አርሴኒክን አያጠፋም። እንዲያውም ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ የቀረው ይበልጥ ይወፍራል። ከመድኀኒት ቤት የሚገዛው ውኃ አጋርም ጀርም ይገድላል እንጂ ኬሚካል አያወጣም።

የሌሎች አገሮች ታሪክ የሚያስተምረው

በ1854 በሎንዶን ከተማ በብሮድ ጎዳና የተነሣውን የኮሌራ ወረርሽኝ ዶክተር ጆን ስኖው ሲመረምር ምክንያቱ አንድ የሕዝብ ጉድጓድ መሆኑን አሳየ። ከሞቱት መካከል ከሰፈሩ ወጥታ በሩቅ የምትኖር አንዲት ሴት ነበረች፤ የዚያን ጉድጓድ ውኃ ጣዕም ስለ ወደደች በየጊዜው ታስመጣ ነበር። ጣዕም ምስክር ሊሆን እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ከዚያ በኋላ ኤድዋርድ ፍራንክላንድ የተባለው ኬሚስት ከ1865 ጀምሮ የሎንዶንን ውኃ በየጊዜው ይመረምር ጀመር። እርሱ ናይትሬትን እንደ ዱካ ይመለከተው ነበር። ፍሳሹ ራሱ በአፈር ውስጥ ተለውጦ ቢጠፋም ናይትሬቱ ይቀራል፤ ስለዚህ በጉድጓድ ውኃ ውስጥ ብዙ ናይትሬት ከተገኘ ቀድሞ ቆሻሻ እንደ ደረሰበት ያስጠረጥራል። ይህ ዐሳብ ዛሬም ይሠራል። የአዲስ አበባን የከርሰ ምድር ውኃ ያጠኑ የሥነ ምድር ምሁራን በከተማው መካከል ባሉ ምንጮችና ጉድጓዶች ናይትሬት ከዳር ካሉት ይልቅ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳይተዋል፤ ሰው በበዛበት፣ የመጸዳጃ ጉድጓድም በበዛበት ማለት ነው። ትናንት ዳር የነበሩት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ ራሳቸው መካከል እየሆኑ ነው።

ናይትሬት ዱካ ብቻ ሳይሆን ራሱም ጎጂ መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1945 በአሜሪካ በአዮዋ ክፍለ ሀገር ሐንተር ኮምሊ የተባለ ሐኪም ገላቸው ሰማያዊ የሆነ ጨቅላ ሕፃናት መጡለት። ሕፃናቱ ይጠጡት የነበረው ወተት የተበጠበጠው ከእርሻ ቤት በተቀዳ የግል ጉድጓድ ውኃ ነበር። ናይትሬቱ በሕፃኑ ሆድ ተለውጦ ደሙ ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ያንኑ ውኃ የሚጠጡት ትልልቆቹ ግን ደኅና ነበሩ። ልብ እንበል፤ የሃያ ዓመት ደንበኛ ጤነኛ መሆኑ ለሦስት ወር ሕፃን ዋስትና አይሆንም።

ሁለተኛው ትምህርት ከባንግላዴሽ የተገኘው ነው። ሕዝቡ ከኩሬ እየጠጣ በተቅማጥ ያልቅ ስለ ነበር በተለይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በእርዳታ ድርጅቶች ምክር እጅግ ብዙ የቱቦ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ዐላማው መልካም ነበር፤ ውኃው ግን ስለ አርሴኒክ አልተመረመረም። መርዙ በጉድጓዶቹ ውስጥ መኖሩ የተረጋገጠው በ1993 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ሲጠጣው ኖሯል። ከዚያ በኋላ ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ተመርምረው የሚጠጣው አረንጓዴ፣ የማይጠጣው ቀይ ቀለም ተቀባ።

ሦስተኛው ከገዛ አገራችን ነው። በ1946 ዓ.ም. የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሲከፍት ለሠራተኛው መንደር የመጠጥ ውኃ ከጉድጓድ ቀረበ። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ግን ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ብዙ ፍሎራይድ ይወስዳል። በመጀመሪያ የልጆች ጥርስ በለዘ። ሰውም ይህን እንደ አገሩ ጠባይ ቆጠረው። ከብዙ ዓመታት በኋላ አከርካሪያቸው የደረቀ፣ አንገታቸውን ማዞር ያቃታቸው ሠራተኞች ታዩ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሐኪሞች፣ ከእነርሱም መካከል ዶክተር ረዳ ተክለ ሃይማኖት፣ በሽታው ከውኃው የመጣ መሆኑን በጽሑፍ አስታወቁ። የበለዘ ጥርስ ቀድሞ የተላከ መልእክት ነበር፤ ያነበበው ግን አልነበረም። «ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለው ነገር የተነገረ ይመስላል።

በደጋው የሚገኝ ጥልቀት የሌለው ውኃ ፍሎራይዱ እንደ ስምጥ ሸለቆው ብዙ አይደለም። ነገር ግን ቆፋሪው ወደ ጥልቁ ሲወርድ የተለየ፣ አንዳንድ ጊዜም ሞቅ ያለ ውኃ ሊያገኝ ይችላል፤ ፍልውኃ በዋና ከተማው መካከል መፍለቁ ይህን ያስታውሰናል። በዚህ ላይ የሰው እጅ የጨመረው አለ። የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም ይጠቀማል፤ የአበባ እርሻ ማዳበሪያና የተባይ መድኀኒት ይረጫል፤ የከብት በረት ፍግ ያከማቻል፤ ጋራዥም ዘይት ያፈሳል።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

የጤና ድርጅት ቁጥሮች ለተራ ሰው ረቂቅ ስለሚመስሉ በጀሪካን ብንመነዝራቸው ይሻላል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው የናይትሬት ልክ በአንድ ሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ይህም በ20 ሊትር ጀሪካን 1 ግራም ማለት ነው። የፍሎራይድ ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በጀሪካን 30 ሚሊግራም ይሆናል። የአርሴኒክ ልክ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ሲሆን በጀሪካን ከ0.2 ሚሊግራም አይበልጥም። እንዲህ ያለውን ጥቂት ነገር ዐይን አያየውም፤ ምላስም አይለየውም።

ናሙና አወሳሰዱ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። በመጀመሪያ በቧንቧው ውስጥ ያደረው ውኃ እስኪያልቅ ፓምፑ ጥቂት ደቂቃዎች መሥራት አለበት። ናሙናው ከሮቶው ሳይሆን ከጉድጓዱ አፍ ይቀዳል፤ አለዚያ የምንመረምረው ጉድጓዱን ሳይሆን ሮቶውን ይሆናል። ንጹሑ ጠርሙስ በዚያው ውኃ ታጥቦ ይሞላል። እንደ ክሮሚየምና እንደ እርሳስ ላሉ ብረታ ብረቶች የሚወሰደው ናሙና በሌላ ጠርሙስ ሆኖ ጥቂት የናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ብረቱ በጠርሙሱ ገጽ ላይ እንዳይጣበቅ ነው። ለናይትሬት በሚወሰደው ናሙና ላይ ግን ይህ አሲድ ቢጨመር ውጤቱን ያበላሻል፤ እርሱ በበረዶ ቀዝቅዞ ቶሎ ወደ ላቦራቶሪ ይደርሳል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የጉድጓዱ ጥልቀትና ከመጸዳጃው ያለው ርቀት ይጻፋል። ሥራውም በየካቲት በደረቁ፣ በነሐሴም በዝናቡ ወራት ሁለት ጊዜ ይደረጋል፤ ክረምት ከላይ ያጠበውን ይዞ ይወርዳልና።

ስለ መፍራትና ስለ መፍትሔ

የጉድጓድ ባለቤቶች ምርመራን የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። «ውኃህ መጥፎ ነው» ተብሎ ጉድጓዱ ቢታሸግ ማግሥቱን ምን ይጠጣል? ሌላ ውኃ ሳያቀርቡ ጉድጓድ መዝጋት ሰውን ወደ ወንዝ መመለስ ነው። ነገር ግን ውጤቱ ሁሉ አንድ ዐይነት ፍርድ የለውም። ናይትሬቱ ከልኩ ጥቂት ያለፈ ጉድጓድ ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ ይሆናል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ለጨቅላ ሕፃንና ለነፍሰ ጡር ሴት ሌላ ውኃ ይፈለጋል። ለሕፃን የሚያስፈልገው ደግሞ በቀን ጥቂት ስለ ሆነ ገዝቶ ማቅረብ ይቻላል። ፍሎራይድ የሚጎዳው በዓመታት ውስጥ ስለ ሆነ ለመዘጋጀት ጊዜ ይሰጣል፤ ጥርሳቸው ገና የሚሠራ ልጆች ግን ይቀድማሉ። የፋብሪካ መርዝ የተገኘበት ጉድጓድ ለመጠጥ ወዲያው መቆም አለበት። ምርመራ ማለት መዝጋት ማለት ሳይሆን መለየት ማለት ነው።

ምርመራ ለባለቤቱ ሌላም ጥቅም አለው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300 የሚበክለውን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። ነገር ግን ፋብሪካው ከመምጣቱ በፊት ውኃው ምን ይመስል እንደ ነበር የሚያሳይ ወረቀት የሌለው ሰው በዳኛ ፊት ቆሞ ምን ያቀርባል? ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ለነገ ምስክር ነው።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች በየዓመቱ በላቦራቶሪ የሚለኩት የተዘጋጀ ናሙና ከሚሆን ይልቅ ከእነዚህ ከተሞች የመጣ እውነተኛ የጉድጓድ ውኃ ይሁን፤ ድካሙ አንድ ነው። በናይትሬት፣ በፍሎራይድና በኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ልኬት ቢጀመር ይበቃል። ሁለተኛ፣ የታሪክና የጂኦግራፊ ተማሪዎች ጉድጓዱ መቼ እንደ ተቆፈረ፣ በቦታውም ቀድሞ ምን እንደ ነበረ ከሽማግሌዎች እየጠየቁ መዝገብ ያዘጋጁ፤ የዛሬ ቤት የቆመበት የትናንት ቆሻሻ መጣያ ሊሆን ይችላልና። ሦስተኛ፣ ውጤቱ በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ በመጀመሪያ ለባለቤቱ በእጁ ይሰጥ። ከሕዝብ የተወሰደ ናሙና በእኛ መደርደሪያ ላይ ውጤቱ ታስሮ ከቀረ ከሕዝቡ ውኃ ቀድተን ጠርሙሱን ሰረቅን እንጂ አላጠናንም።

«ሃያ ዓመት ጠጥተነዋል፤ ምን ሆንን?» ላሉን እናት መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው። ምናልባት ምንም አልሆኑም፤ ውኃዎም ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ እንዲሆንም እንመኛለን። ዳሩ ግን የወንጂ ሠራተኛም፣ የባንግላዴሽ ገበሬም፣ የአዮዋ እናትም ይህንኑ ሊሉ ይችሉ ነበር። እርስዎም እኛም የማናውቀውን አንድ ጠርሙስ ውኃ ሊነግረን ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ ከግቢዎ ስንመጣ ባዶ ጠርሙስ ይዘን እንመጣለን።